ሲሸጥ ጌጥ፣ ሲገዛ ብረት

ዋጋ ጠይቄ በጥያቄ ሲመልሱልኝ ደሜ ይፈላል። «ይህቺ ስንት ናት?» ስል «ልትገዛ ነው ልትሸጥ?» የሚለኝ ሰው የዕቃውን ሳይሆን የእኔን ዋጋ እያሰላ ይመስለኛል። ሥጋ ቤት እንዲህ አይባልም። በርበሬ ተራም አይባልም፤ ሁለት ኪሎ በርበሬ አንጠልጥሎ መጥቶ «በስንት ትገዛኛለህ?» የሚል ደንበኛ የለማ! የሳንቲም ሱቅ ውስጥ ግን ያለዚህ ጥያቄ ወሬ አይጀመርም። ያቺው አንዷ ሳንቲም ባለሱቁ ሲሸጣት ጌጥ ናት፤ መልሶ ሲገዛት ብረት።

እኔ ሰብሳቢ አይደለሁም። ዋሽንግተንና አካባቢው ያለው ሐበሻ ግን የማይሰበስበው ነገር የለም፤ አንዱ ጫማ ይሰበስባል፣ አንዱ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት፣ አንዱ ከተጣላው ማኅበር የተረፈ ደረሰኝ። የእኔ ወዳጅ የሚሰበስበው አዲስ የብር ሳንቲም ነው። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ፣ ሙዚየም የሚገባ ጥንታዊ ነገር እንዳይመስላችሁ። ትናንት ከማሽን ወጥቶ ዛሬ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን ነው።

ይህ ሰው በሌላው ነገር ሁሉ ገንዘቡን የሚያውቅ ነው። የሐበሻ ሱቅ ገብቶ እንጀራ ሲያነሣ በላስቲኩ ላይ በጣቱ እየነካ ቆጥሮ፣ «ባለፈው ሳምንት እኮ ሃምሳ ሳንቲም ይቀንስ ነበር» ብሎ ባለሱቋን ሳያስለፈልፍ አይወጣም። ሽሮ ሲገዛ አሽትቶ፣ በምላሱ ጫፍ ቀምሶ፣ «ይቺ ባቄላ በዝቶባታል» ማለት አለበት። ኡበር ስለሚነዳ የትኛው ማደያ ቤንዚን በስንት ሳንቲም እንደሚረክስ በቃሉ ያውቃል። እዚያች የሳንቲም ሱቅ ሲገባ ግን አንደበቱ ይታሰራል። ኮፍያውን ያወልቃል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አንድም ቀን «ቀንስልኝ» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ሱቋ ቨርጂኒያ ውስጥ በላውንድሪና በፒዛ ቤት መሐል ተሸጉጣለች። ደወል ካልተደወለ በሩ አይከፈትም፤ ባለሱቁ በመስታወት አጮልቆ አይቶ ነው የሚያስገባው። ውስጡ ረጅም የመስታወት ጠረጴዛ፣ በጥቁር ከፋይ ላይ የተደረደሩ ሳንቲሞች፣ ትንሽ ሚዛን፣ ዓይን ላይ የምትደገን ማጉያ መነጽር አለ። ግድግዳው ላይ የብርን የዓለም ዋጋ፣ እነሱ ስፖት የሚሉትን፣ በየደቂቃው የሚያሳይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ቁጥሩ ሲወጣ አረንጓዴ፣ ሲወርድ ቀይ ይሆናል። አረንጓዴ ሲሆን ባለሱቁ ዋጋ ለመለወጥ ፈጣን ነው። ቀይ ሲሆን ዓይኑ ትንሽ ይደክማል።

ወዳጄ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አሜሪካን ሲልቨር ኢግል የሚባለውን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ1985 በወጣ ሕግ መሠረት ከ1986 ጀምሮ የሚመረት፣ አንድ አውንስ ወይም 31.1 ግራም የሚመዝን፣ 99.9 በመቶ ንጹሕ ብር ነው። በአንድ ፊቱ ወደ ፀሐይ የምትራመድ ሴት አለች፤ መልኳ ከ1916ቱ ግማሽ ዶላር የተወሰደ ነው። በሌላው ፊቱ ንስር። እዚያው ላይ «አንድ ዶላር» የሚል ተጽፏል። በአንድ ዶላር የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ እባካችሁ አድራሻውን ለእኔም ላኩልኝ።

ከአንድ ዶላሩ እስከ ባለሱቁ ዋጋ ያለውን መንገድ ወዳጄ መኪና ውስጥ አስረድቶኛል። የመንግሥቱ ማምረቻ፣ ሚንት የሚሉት፣ ተራውን ኢግል እንደ እኔና እንደ እናንተ ላለው ሰው አይሸጥም። ለተመረጡ ጥቂት ትልልቅ ነጋዴዎች ነው የሚሸጠው፤ ትንሹ ትዕዛዝ 25,000 አውንስ ነው። እነሱ በዕለቱ የብር ዋጋ ላይ የማምረቻውን ጭማሪ ከፍለው ይወስዳሉ፤ የራሳቸውን ጨምረው ለአከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ጨምሮ ለሱቅ፣ ሱቁ ጨምሮ ለወዳጄ። ይህ ጭማሪ ሁሉ ተጠራቅሞ «ፕሪሚየም» የሚል የክት ስም ወጥቶለታል። በክሬዲት ካርድ ለሚከፍል ሌላ ጭማሪ አለ። አንዲት ብቻ ለሚገዛ ይወደዳል፤ ሃያውን ከነቱቦው ለሚወስድ ይረክሳል። 500 የሚይዘውን አረንጓዴ ሣጥን ለሚያነሣ ደግሞ ይበልጥ ይረክሳል፤ ከ15 ኪሎ በላይ ስለሆነ ግን ገንዘቡ ያለው ወገቡ የለውም።

እንበልና የዕለቱ የብር ዋጋ በአውንስ 30 ዶላር ነው። ሱቁ ኢግሏን በ37 ይሸጣል። ወዳጄ ከፍሎ፣ በሩ ጋ ደርሶ፣ ሐሳቡን ቀይሮ ቢመለስ ያው ባለሱቅ ያችኑ ሳንቲም በ30 ቢበዛ በ31 ነው የሚገዛው። በመሐል የሆነ ነገር የለም፤ ሳንቲሟ አልተጫረች፣ አልጠቆረች፣ አላረጀች። ከጠረጴዛው እስከ በሩ ስድስት ሰባት ዶላር ተነነ። ብር ወደ ሩብ ያህል ካልተወደደ ወዳጄ ከተነሣበት አይደርስም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

የባለሱቁ መደርደሪያ ላይ ሁለት የዋጋ መዝገብ አለ። አንዱ ሬድ ቡክ የሚባለው፣ ከ1946 ጀምሮ የሚታተም፣ ለሰብሳቢው የተጻፈ ባለቀይ ሽፋን መጽሐፍ ነው። ሌላው ከ1963 ጀምሮ የሚወጣው ግሬይሺት፣ ነጋዴዎች እርስ በርስ የሚገበያዩበት ዋጋ የሰፈረበት ነው። አገር ቤት ሁለት መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለገቢዎች ነበር የሚይዘው፤ አንደኛውንም ፍራሽ ሥር ይደብቀዋል። እዚህ ሁለቱም በይፋ ታትመው ይሸጣሉ። ወዳጄ ሊገዛ ሲመጣ ቀዩ ይገለጣል፣ ሊሸጥ ሲመጣ ግራጫው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ግለጥልን ስንለው ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ላስቲኩ ነው። ሳንቲም መርምረው ማርክ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 ሥራ ጀመሩ። ሳንቲሙን ይቀበላሉ፣ ያያሉ፣ ማርኩን ጽፈው በጠንካራ ላስቲክ ውስጥ ያሽጉታል። ማርኩ የሚታሰበው ከ70 ነው። ከመቶ ያልሆነበት ምክንያት ራሱን የቻለ ወግ ነው። በ1949 ዊልያም ሼልደን የተባለ ሰው ስለ ጥንት የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች በጻፈው መጽሐፍ፣ አንድ ያገኘችው ሳንቲም አንድ ዶላር ካወጣች እንከን የለሿ 70 ታወጣለች በሚል ስሌት ነው ደረጃውን ያወጣው። ፈተናው ሲወለድም ከዋጋ ነው የተወለደው ማለት ነው። ሰባ ዶላሩ ቀረና ሰባው ብቻውን ቆመ።

ታዲያ ከማሽን የወጣች፣ የሰው እጅ ያልነካት አዲስ ሳንቲም ስንት ታመጣለች? ወይ 69 ወይ 70 ነዋ! ወዳጄ ሁለቱን በሁለት እጄ አስይዞኝ «ልዩነቱን አየኸው?» አለኝ። መነጽሬን አውልቄ፣ ወልውዬ፣ መልሼ አጥልቄ አየሁ። ወደ መስኮቱም ተጠግቼ አየሁ። ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነበር። ተራ በሆነው ዓመት ጥቂት አሥር ዶላሮች ናቸው፤ 70 ያገኙት በተመናመኑባቸው አንዳንድ ዓመቶች ግን ሺዎች ይደርሳል።

በላስቲኩ ውስጥ ካለችው ወረቀት ላይ ደግሞ «የመጀመሪያ ምት» የሚል ይጻፋል። ማሽኑ መጀመሪያ የመታት መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሳንቲሟ ሽያጭ ከተጀመረ በኋላ በ30 ቀን ገደማ ውስጥ መርማሪዎቹ ዘንድ ደርሳለች ለማለት ነው፤ ሚንት ራሱ የትኛዋ ቀድማ እንደተመታች መዝግቦ አይይዝም። እስከ 2021 የነበረውን ንስር የነደፈው ጆን መርካንቲ የፈረመባት ወረቀት ካለች ዋጋው ሌላ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ በቴሌቪዥን የሚሸጡት ሰዎች ስለ ወረቀቷ ሲያወሩ ብሩን ጭራሽ ይረሱታል። «አንተ የምትሰበስበው ብር ነው ወረቀት?» ብዬ ወዳጄን ብጠይቀው ለአፍታ አሰበና፣ «አንተ ዲግሪህን በፍሬም አድርገህ ሳሎን የሰቀልከው ለምንድን ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወረቀት አላነሣሁበትም።

የ2019ኙን ጉድ ግን ሳላነሣ አላልፍም። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 14 ቀን ሚንት የሳን ፍራንሲስኮ ምልክት ያለበት ልዩ ኢግል በቀጥታ ለሕዝብ አወጣ። ብዛቱ 30,000፣ ዋጋው 65.95 ዶላር፣ ለአንድ ቤት አንድ ብቻ። ሽያጩ የሚጀምረው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በኮምፒውተር ነበር። ወዳጄ ሳምንቱን ሙሉ ዘመቻ አወጀ። ሚስቱን፣ ኮሌጅ ያለውን ልጁን፣ የማኅበር ጓደኞቹን፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖረውን የሚስቱን እህት ሁሉ መዘገበ፤ ለእያንዳንዳቸው ስልክ እየደወለ የትኛዋን ቁልፍ እንደሚጫኑ አስጠና። ማኅበሩ ለዝክር እንኳ ይህን ያህል በሰዓቱ ተገኝቶ አያውቅም።

ሳንቲሟ በደቂቃዎች ውስጥ አለቀች። ወዳጄ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ እያየ ቀረ። ልጁ ክፍል ውስጥ ስለነበር ረስቶታል። ከማኅበሩ አንዱ በስሕተት የሌላ ሳንቲም ማስቀመጫ ሣጥን ገዝቶ ተገኘ። የቀናት የሚስቱ እህት ብቻ ናት፤ ከምትሠራበት ሆስፒታል በምሳ ዕረፍቷ፣ በአንድ እጇ ሳንዱች ይዛ በስልኳ ነው ያዘዘችው።

ደስታው አልቆየም። ሳንቲሟ ከመድረሷ በፊት ነጋዴዎች «እንገዛለን» ብለው ዋጋ አውጥተው ነበር፤ ዋጋውም በቀን በቀን ይጨምር ነበር። ወዳጄ ለሴትዮዋ 65.95ቷን ሊመልስላትና ምሳ ሊጋብዛት ቃል ገብቷል። እሷ ፖስታውን ሳትከፍት ለአንዱ ነጋዴ በ800 ዶላር ሸጠችለት። የዚያን ዕለት ቤታቸው ነበርኩ። «እህቴ አይደለሽም ወይ? ለእኔ ሳትነግሪኝ?» ብሎ ጮኸባት። እሷም ቡናዋን ፉት ብላ፣ «አንተ ሁልጊዜ ባለሱቁ ያለውን ዋጋ አይደል የምታምነው? እኔም እሱኑ አመንኩ» አለችው። ሚስቱ ጀርባዋን አዙራ ስኒ ማጠብ ጀመረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በልቅሶ እንዳልነበረ አረጋግጣለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደዚያችው ያለች ሳንቲም በእኛ ሱቅ መስታወት ሥር ታየች፤ 70 የሚል ወረቀት ይዛ፣ ዋጋዋ ከ2,000 ዶላር በላይ ሆኖ። ወዳጄ አልገዛትም። ሆስፒታል የተኛ ዘመድ እንደሚጠየቅ ግን በየሳምንቱ እየሄደ ይጠይቃት ነበር፤ ተሸጣ እስክትሄድ ድረስ።

በማርች 2020 ኮሮና ገብቶ ገበያው ሲናድ ብር በአውንስ ከ12 ዶላር በታች ወረደ። የጨው ክምር ሲናድ ብልጥ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ ወዳጄ ሊልስ መኪናውን አስነሥቶ በረረ። ባለሱቁ በበሩ ስንጥቅ፣ አፉን ሸፍኖ፣ «ኢግል የለም» አለው። ካለስ? ካለ ከ20 በላይ ነው። «ቴሌቪዥንህ 12 ይላል እኮ!» ቢለው፣ «እንግዲያው ከቴሌቪዥኑ ግዛ» አለው። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ዌስት ፖይንት ያለው ማምረቻ በወረርሽኙ ምክንያት ለጊዜው ሥራ አቆመ፤ ሳንቲሙ ይባስ ጠፋ። ግድግዳው ላይ የወረደው የትልልቆቹ የወረቀት ግብይት ዋጋ ነው፤ በእጅ የሚጨበጠው ሌላ ገበያ አለው። ወዳጄ በርካሹ ዘመን በውድ ገዝቶ ተመለሰ፤ «አግኝቼ ነው!» እያለ።

እኛ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለንም። ማርያ ቴሬዛን፣ ጠገራ ብርን አስቡት። 28 ግራም የሚመዝን፣ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። እሷ ብትሞትም ሳንቲሟ አልሞተችም፤ በቪየና፣ በኋላም ጣልያን በ1935 መቅረጫውን ከወሰደች ወዲህ በሮም፣ ቀጥሎ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ተመታች፤ ቪየና ዛሬም ትመታታለች። ዓመቱ ግን ሁሌም 1780 ነው። የቀድሞ ሰው ጠገራ ሲቀበል ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥና ራሷ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ጥርት ብለው ካልታዩት አልቀበልም ይል ነበር። ላስቲክ አልነበረውም እንጂ እሱም ማርክ ይሰጥ ነበር። ለአንድ ጠገራ የሚቆጠረው አሞሌ ጨውም ከአፋሩ የጨው ሜዳ በተራቀ ቁጥር እያነሰ ይሄድ ነበር፤ በየመንገዱ ያለው ነጋዴ የድካሙን ያነሣበት ነበራ። ዛሬ አዲስ አበባ ካሉት የቅርስ መሸጫ ሱቆች አንዱ ጋ ገብቶ «እውነተኛ የ1780 ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ዲያስፖራ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ተጽፎበት የለም እንዴ?»

የእኛን ባለሱቅ ሌባ ማለት ግን ግፍ ነው። የቤት ኪራይ አለበት፣ ኢንሹራንስ አለበት፣ ከእሱ የሚከብድ የብረት ካዝና አለበት። በኤፕሪል 2011 ብር 50 ዶላር ሊነካ ሲል በውድ የገዛውን፣ በ2015 መጨረሻ ከ14 በታች ሲወርድ መስታወቱ ሥር አስቀምጦ ሲያየው የኖረ ሰው ነው። ዋጋውን ደብቆ አያውቅም፤ የሚጠይቀው ሰው ጠፍቶ ነው። እኔን የሚያበሽቀኝ ወዳጄ ነው። ሽሮ የሚቀምስ ሰው ብር ሲሆን ሳይቀምስ ይውጣል። አንዴ በምሬት ጠየቅኩት፤ ለምን አትከራከርም? «ከተከራከርኩትማ ብረት ነው ብዬ አመንኩለት ማለት ነው» አለኝ። ያን ቀን መልስ አጣሁ። ከውዱ ዋጋ ግማሹን የሚከፍለው ለብሩ፣ ግማሹን ደግሞ ብር ብቻ አይደለም ብሎ ለማመን ነበር።

ይህ እምነት የተፈተነው በኦክቶበር 2025 ነው። ብር ከ50 ዶላር አልፎ የ1980ውን፣ ብር በገፍ ያከማቹትን የሐንት ወንድማማቾች ዘመን ክብረ ወሰን ሰበረ። ወዳጄ ሦስት ቱቦ በጂም ቦርሳ ይዞ ሄደ። ሱቋ በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ ማንኪያና ሹካ በፌስታል የያዘ ሁሉ ቆሟል። ተራው ሲደርስ ባለሱቁ ቴሌቪዥኑን ቀና ብሎ አየና ከስፖት ሁለት ዶላር ዝቅ አድርጎ ጠራለት። «ፕሪሚየሙስ?» ቢለው፣ ሁሉ ሰው ሻጭ በሆነበት ቀን ፕሪሚየም የሚባል ነገር የለም አለው። ወዳጄ ቦርሳውን ዘግቶ ወጣ። ማታ ሚስቱ «ሸጥክ?» ስትለው፣ «ገበያው ገና አልገባውም» አላት።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ ክርስትና ልትነሣ ነበርና ስጦታ ፈለግኩ። የተወለደችበት ዓመት የተጻፈባት ኢግል ጥሩ መስሎ ታየኝ። ከሱቅ ከምገዛ ብዬ ወዳጄ ቤት ሄድኩ። እንጀራውን በልተን ጠረጴዛው ከተጠረገ በኋላ ከጓዳ ጥቁር ከፋይ አምጥቶ አነጠፈ። ሳንቲሟን በሁለት ጣቱ ጠርዟን ብቻ ይዞ አስቀመጣት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የብርን ዋጋ አየ፤ ቀጥሎ ቀዩን መጽሐፍ ገለጠ።

«ለአንተ ብዬ ነው» ብሎ ዋጋውን ነገረኝ።

«ባለፈው ሳምንት ባለሱቁ ከስፖት በታች አይደል እንዴ የጠራልህ?»

«እሱማ ሊገዛኝ ሲል ነው።»

አምስት ዶላር እንዲቀንስ ለመንኩት፤ የሃያ ዓመት ወዳጅነታችንን ጠራሁ፣ ከሆስፒታል ያመጣሁትን፣ ቤት ሲቀይር የተሸከምኩለትን ሶፋ ሁሉ ጠራሁ። ራሱን ነቀነቀ። ገንዘቡን በስልኬ፣ በዜል ላክሁለት። ስልኩ ሲጮህ አይቶ አረጋገጠና ሳንቲሟን ወደ እኔ ገፋ አደረጋት። የተቀመጠችበትን ክብ የላስቲክ ማቀፊያ ግን በእጁ አስቀርቶ ነበር።

«ይቺስ?» አልኩት።

«እሷ ሦስት ዶላር፣ ለብቻ ናት» አለኝ።